የልጆች ሥዕል ስለ ነገ ሥራቸው ምን ይነግረናል?

(በምሩቃን መሰባሰቢያ ቀን የቀረበ ንግግር)

አዘጋጆቹ ስለ ሕክምና እንድናገር ነበር የጋበዙኝ። እኔ ግን ስለ ሥዕል ላወራ ነው የመጣሁት፤ ያውም መሣል ሳልችል።

እኛ ሐኪሞች የልጅን ሥዕል የምናውቀው በእድገት መለኪያነቱ ነው። ፍሎረንስ ጉድኢናፍ እ.ኤ.አ. በ1926 ባሳተመችው «ሰው ሣል» በተባለው ፈተና ዓይኑ፣ እጁ፣ ጣቱ እየተቆጠረ የልጁ የአእምሮ እድገት ይገመታል። እርሳስ ከያዘ ሁለት ወር የሆነውን የገጠር ልጅ በዚህ መመዘን ግን ግፍ ነው። እኔን የሳበኝ ሌላ ሰው የሄደበት መንገድ ነው። ዴቪድ ዌድ ቻምበርስ እ.ኤ.አ. በ1983፣ የጅማ ጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት በተቋቋመበት በዚያው ዓመት፣ 4,807 ሕፃናት ሳይንቲስትን እንዴት እንደሣሉ የመረመረበትን ጥናት አሳተመ። ሴት ሳይንቲስት የሣሉት 28 ብቻ ነበሩ፤ ሁሉም ሴት ልጆች። ከወንዶቹ አንድም የለም።

ይህን ወደ እኛ ስናመጣው ቋንቋው ያደናቅፈናል። «ሐኪም ሥራውን ሲሠራ ሣሉ» ካልን መልሱን አብረን ሰጠናቸው፤ ግሡ ወንድ ነው። «ስትሠራ» ብንልም ያው ነው። አጋሮና የቡ ላይ ልጆቹን የምናናግረው በኦሮምኛ ነው፤ እዚያም ግሡ ጾታ ይለያል። ስለዚህ የእኔ ጥያቄ «አድገሽ ሥራ ላይ ስትሆኚ ራስሽን ሣዪልኝ» የሚል ነው። ከዚያ ዝም እላለሁ። ስትጨርስ «እስቲ ንገሪኝ፣ እዚህ ምን እየሠራሽ ነው?» እላለሁ። ጉዳዩ ያለው እዚህ ላይ ነው።

አጋሮ ላይ ዘጠኝ ዓመት የሚሆናት ልጅ መወልወያ የያዘች ሴት ሣለችልኝ። አብራኝ የነበረችው ነርስ «ምነው፣ ዶክተር መሆን አትፈልግም እንዴ?» ብላ አዘነች። ልጅቷን ጠየቅናት። «ቁልፉ ሁሉ እሷ ጋ ነው» አለችን። ወገቧ ላይ የተሣለው ክብ ነገር ለካ የቁልፍ ቀለበት ነው! ይቺ ልጅ ትልቅ ነገር አልማለች፤ በዚያ ጤና ጣቢያ ግቢ በር ሁሉ ሲከፈትላት ያየቻት ሴት የጽዳት ሠራተኛዋ ሆና ነው እንጂ። ሥዕሉን ብቻ አይተን ብንሄድ ኖሮ ምን ብለን እንደምንጽፍ አስቡት።

ወንዶቹ ባጃጅ ይሥላሉ፣ እሱን ልለፈው። በለቀማ ሰሞን ግን ሚዛን ይበዛል። እናት እሸት ቡናውን ለቅማ ተሸክማ ትመጣለች፤ ኪሎውን የሚናገረውና ብሩን የሚቆጥረው ባለ ሚዛኑ ነው። ራሱን ቡና ማሳ ውስጥ ያለ ገበሬ አድርጎ የሣለ ልጅ እስከ ዛሬ አልገጠመኝም። አንዱን «የአባትህስ ሥራ?» አልኩት። «እሱ ሥራ ነው፤ ሲያድጉ የሚሆኑት ግን አይደለም» አለኝ።

ይህ መልስ ከእኔ ይልቅ እዚህ የተቀመጣችሁትን የግብርና ኮሌጅ ልጆች የሚመለከት ይመስለኛል። የቡና ፍሬ በሽታን የሚቋቋመውን ዝርያ ገበሬው «74110» እያለ በቁጥር ይጠራዋል። ከቁጥሩ ጀርባ መልኮ ላይ ችግኝ የሚመርጥ፣ ምናልባትም እንደ እሱ የገበሬ ልጅ የሆነ ተመራማሪ መኖሩን ልጁ ከየት ይወቅ? ያላየውን ሰው ከየት አምጥቶ ይሥላል?

ሥዕሉ ጥንቆላ አይደለም። የአንድ ቀን ወረቀት ነው፤ አጠገብ ከተቀመጠው ልጅ መቅዳትም አለ። ቢሆንም ለመምህሮቻችን አንድ ጥያቄ አለኝ፦ ተማሪዎች በቲቲፒ ወደ አጋሮ፣ ሸቤ ወይም አሰንዳቦ ሲወጡ ከሚዛንና ከቴርሞሜትሩ ጋር ወረቀትና ከለር ይያዙ፤ ቢቻል የግብርና ተማሪም አብሯቸው ይሂድ። ወላጅ ይፍቀድ፣ ስም አይጻፍ፣ ፌስቡክ ላይ እንዳይወጣ አደራ! ትምህርት ቤት ለመሄድ ኅዳር አይመችም፤ ብዙ ልጅ ለቀማ ላይ ነው፣ ጥር ይሻላል። እኔ ብሆን ግን ኅዳር ላይ ከክፍል የቀረውን ልጅ ቡናው ድረስ ሄጄ ነው የማስሥለው።

ወላጆች የፈቀዷቸውን ጥቂት ሥዕሎች ከቡናው ጠረጴዛ ጀርባ ሰቅያለሁ። መግለጫ አልጻፍኩባቸውም። መጀመሪያ እናንተ ገምቱ፤ ልጆቹ ያሉትን እዚያው ቆሜ እነግራችኋለሁ።