ስለ ጃፓን ልጃገረዶች ሸክላና ስላገኙት ደረጃ



በዚህ በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ ስለ ሙዚቃ የመናገር ተራ ለእኛ ለመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ስለ ደረሰን፣ ስለ ሦስት የጃፓን ልጃገረዶች፣ ስላወጧቸው ሸክላዎችና በዓለም ገበያ ስላገኙት ደረጃ ጥቂት ቃል ለመናገር አስበናል። ደረጃ ምን ያህል እንደሚያስደስትና እንደሚያሳዝን ተማሪ ሁሉ ያውቃልና ነገሩ ከእኛ የራቀ አይደለም። የምንጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የቡድኑ ስም ቤቢሜታል ነው። ሜታል የሚባለው ሙዚቃ የኤሌክትሪክ ጊታር የሚያጓራበት፣ ከበሮውም እንደ ነጎድጓድ የሚወርድበት፣ ለብዙ ጊዜ የወንዶች ርስት መስሎ የኖረ ሙዚቃ ነው። በጃፓን አገር ግን ሾው ያ የተባለው፣ ዘፋኟም መሣሪያ ተጫዋቾቹም ሴቶች ብቻ የሆኑበት ቡድን በ1985 የመጀመሪያ ሸክላውን አውጥቶ ነበርና፣ መንገዱ አስቀድሞ ተጠርጓል።

ቤቢሜታል የተመሠረተው በ2010 ነው። ሳኩራ ጋኩኢን የሚባል፣ በትምህርት ቤት አምሳል የተቋቋመ የልጃገረዶች የዘፈን ቡድን ነበረ፤ እንደ ትምህርት ቤትም ክበባት ነበሩት። ከነዚህ አንዱ የከባድ ሙዚቃ ክበብ ሲሆን፣ ሱ ሜታል፣ ዩኢ ሜታልና ሞአ ሜታል ተመደቡበት። የመጀመሪያው ሸክላቸው በፌብሩወሪ 2014 ሲወጣ ታላቂቱ 16 ዓመቷ፣ ሁለቱም ገና 14 ዓመታቸው ነበር፤ ከእኛ ያነሱ ማለት ነው።

እውነቱን ሳንሸሽግ መናገር ይገባናል። አሳቡን ያፈለቀው ኮባሜታል የተባለ አዘጋጅ እንጂ እነርሱ አልነበሩም፤ ልጃገረዶቹ ይዘፍናሉ፣ ይጨፍራሉ እንጂ መሣሪያውን የሚጫወቱት ወንዶች ናቸው። ስለዚህም ብዙ የሜታል ወዳጆች የልጆች ጨዋታ ነው ብለው ናቋቸው። ያ የመጀመሪያው ሸክላ ቢልቦርድ በተባለው የአሜሪካ የሸክላ ሽያጭ ሠንጠረዥ 187ኛ ሆነ። እነርሱ ግን አገር ላገር እየዞሩ በተመልካች ፊት መዝፈናቸውን አልተዉም። በኤፕሪል 1 ቀን 2016 ሜታል ሬዚስታንስ የተባለውን ሁለተኛውን ሸክላ አወጡ፤ ይህም በአሜሪካ 39ኛ፣ በእንግሊዝ አገር 15ኛ ሆነ። በኦክቶበር 2019 የወጣው ሦስተኛው፣ ሜታል ጋላክሲ፣ በአሜሪካ 13ኛ ደረጃ ላይ ደረሰ።

ይህ 13ኛነት ለምን ብዙ አነጋገረ ብትሉን፣ ከእርሱ በፊት በ1963 ኪዩ ሳካሞቶ የተባለው ጃፓናዊ ዘፋኝ ሸክላ በዚያው አገር 14ኛ ወጥቶ ስለ ነበረ ነው። የሳካሞቶ ዝነኛ ዘፈን በጃፓንኛ ስሙ ቀና ብሎ ስለ መራመድ የሚናገር ነበር፤ ነጋዴዎች ግን ለባዕድ ምላስ ይቅለል ብለው ሱኪያኪ አሉት፤ ሱኪያኪ የበሬ ሥጋ ምግብ ስም ነው! ዘፈኑ ቋንቋውን ጠብቆ ስሙን አጣ። የቤቢሜታልም ሸክላዎች ርእሳቸው እንግሊዝኛ ቢሆንም፣ የተዘፈኑት በአብዛኛው በጃፓንኛ ነው። ሰሚውም ቃሉን ሳያውቅ ገዛው።

ይሁን እንጂ ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን አቁመን ይህ ከዚያ በለጠ ለማለት አንቸኩልም። በ1963 የሚቈጠረው ሱቆች ሸጥን ያሉት ሸክላ ነበር፤ ከ2014 መጨረሻ ወዲህ ግን በኢንተርኔት የሚደመጠው ዘፈን ጭምር ይቈጠራል። መስፈሪያው ከተለወጠ እህሉን ማወዳደር አስቸጋሪ ነው።

ከሁሉ ይልቅ እኛን ያሳሰበን ግን ቁጥሩ የማይናገረው ነገር ነው። በ39ኛውና በ13ኛው መካከል፣ በጃንዩወሪ 2018፣ ከጊታር ተጫዋቾቻቸው አንዱ ሚኪዮ ፉጂኦካ ከዚህ ዓለም በሞት ተለየ። በዚያው ዓመት ኦክቶበር ወር ዩኢ ሜታል በጤና ምክንያት ከቡድኑ መውጣቷ ተነገረ። ከፍ ያለውን ደረጃ ያገኘው ሸክላ በወጣ ጊዜ ከሦስቱ የቀሩት ሁለቱ ብቻ ነበሩ። ሠንጠረዡን የሚያነብ ሰው ማሻሻልን ያያል እንጂ ጉድለቱን አያይም።

ወዳጆቻችን ሆይ፤ እኛም ከጥቂት ወራት በኋላ የመልቀቂያ ፈተና ተቀምጠን ቁጥር ይሰጠናል። ቁጥሩን አንንቅም፤ ድካም ያለበት ነውና። ነገር ግን ከእኛ ጋር ዘጠነኛ ክፍል ገብተው፣ አንዳንዱ በሕመም፣ አንዳንዱ በችግር ዛሬ በመካከላችን ያልተገኙ ጓደኞች አሉን። በጥናት ያገዙን፣ ደብተራቸውንም ያዋሱን እነርሱ ናቸው። ውጤታችን በሰሌዳ ላይ በሚለጠፍበት ቀን ስማቸው በዚያ አይገኝምና፣ እኛ በየቤታቸው ሄደን ልንጠይቃቸው ዛሬ በፊታችሁ ቃል እንገባለን።