ታሙዝ ይበልጣል ወይስ ሻሎም ሐኖኽ ብቻውን?

(ለአዲስ ገቢ ቤተሰቦች በማኅበራችን አዳራሽ ከተደረገ ንግግር የተወሰደ)



ባለፉት ምሽቶች በዚህ አዳራሽ ስለ ኩፓት ሖሊም፣ ስለ ቤት ብድርና ስለ ልጆች ትምህርት ቤት ስንነጋገር ቆይተናል። ዛሬ ስለ አንድ ዘፋኝ ነው የማወራችሁ ስል «ቁም ነገር አለቀ እንዴ?» የሚል እንደማይጠፋ አውቃለሁ። አላለቀም። ወደዚህ አገር ከገባሁ ወዲህ በሰው ፊት ክፉኛ ያፈርሁበት የመጀመሪያው ሌሊት በዘፋኝ ክርክር የተነሳ ስለነበር፣ እናንተ እንዳታፍሩ ብዬ ነው። የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

እኔ በ1984 መጨረሻ በሱዳን በኩል፣ በዘመቻ ሙሴ ከመጡት አንዱ ነኝ። ኡልፓን ጨርሼ በ1986 በአንድ ዳቦ ቤት የሌሊት ሥራ ገባሁ። ሦስት ሰዎች አብረውኝ ነበሩ፤ ሊጥ የሚያቦካ የከተማ ወጣት፣ ምድጃው ላይ የሚቆም ከሞሮኮ የመጣ ሽማግሌ፣ ዳቦውን የሚያመላልስ በኪቡጽ ያደገ ሾፌር። አንድ ሌሊት ወጣቱ ካሴት ከፍቶ ሲሠራ ሾፌሩ ገባ፤ ጥቂት ሰማና አንድ ነገር ተናገረ። ወጣቱ መለሰለት። ድምፃቸው ከፍ አለ። ሾፌሩ የዳቦውን ትሪ ጠረጴዛው ላይ አንኳኳ፣ ወጣቱ በሊጥ የተለወሰ እጁን ወደ ፊቱ ዘረጋ። ያን ጊዜ ዕብራይስጥ ገና ግማሽ በግማሽ ነበርሁ። ከጩኸታቸው ለይቼ የሰማኋቸው ሁለት ቃላት ብቻ ናቸው፤ «ታሙዝ» እና «ማሺያሕ»።

እንግዲህ ፍረዱኝ። ታሙዝ ጾም ያለበት ወር ነው፤ ማሺያሕ መሲሕ ነው። ሁለቱ ሰዎች በሃይማኖት ተጣልተዋል ብዬ ቆረጥሁ። በእኛ አገር ሰው እንዲህ ከተጯጯኸ ቀጥሎ የሚመጣው ዱላ ነው። ስለዚህ ዘልዬ በመካከላቸው ገባሁና የሾፌሩን ክንድ ጨብጬ «ተው፣ ስለ ፈጣሪ፣ ሁለታችሁም ወንድማማች ናችሁ» አልሁ፤ ግማሹን በዕብራይስጥ፣ ግማሹን በአማርኛ። ለአፍታ ጸጥ አሉ። ከዚያ ሽማግሌው ጭምር እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ለካስ ታሙዝ የሙዚቃ ባንድ ነው! መሲሑም የካሴት ስም ነው! ከዚያች ሌሊት በኋላ ወር ሙሉ በሻይ ሰዓት ከሰው ጋር አልተቀመጥሁም።

በኋላ ያ ሾፌር ራሱ ካሴቶቹን አንድ በአንድ አመጣልኝ። እሱ የነገረኝን፣ እኔም ከዚያ ወዲህ የደረስሁበትን ልንገራችሁ።

ሻሎም ሐኖኽ በ1946 የተወለደ፣ በኪቡጽ ሚሽማሮት ያደገ ሰው ነው። ግጥም ጸሐፊው መኢር አሪኤል የዚያው ኪቡጽ ልጅ ነበር፤ አንዱ ቃሉን አንዱ ዜማውን እያወጣ አብረው ሠርተዋል። ሐኖኽ በወታደርነቱ በናሓል የሙዚቃ ጓድ ዘፈነ። የዚህ አገር ዘፋኞች ብዙዎቹ የወጡት ከጦር ሠራዊት የሙዚቃ ጓዶች ነው። የክብር ዘበኛን ኦርኬስትራ የምታውቁ፣ እነ ጥላሁን ገሠሠና መሐሙድ አሕመድ ከየት እንደወጡ የምታስታውሱ፣ ነገሩ አዲስ አይሆንባችሁም።

ከዚያም ለአሪክ አይንሽታይን ዜማ መድረስ ጀመረ። አሪክ አይንሽታይን በ2013 ሲሞት አገሩ በሙሉ ያዘነለት ዘፋኝ ነው። በ1969 የወጣው «ፑዚ» የተባለው አልበሙ ብዙዎች የዕብራይስጥ ሮክ መጀመሪያ የሚሉት ነው፤ አብዛኛው ዜማ የሐኖኽ ነው። በ1970 ሁለቱ አብረው «ሻብሉል» እና «ፕላስቴሊና» የተባሉትን አወጡ። ቀጥሎ ሐኖኽ ዕድሉን በእንግሊዝኛ ሊሞክር ወደ ለንደን ሄደ፤ በ1971 አንድ አልበም አውጥቶ ብዙም ሳይቀናው ተመለሰ። በሰው አገር ቋንቋ መዝፈን እንዴት እንደሚከብድ ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም።

አሁን ወደ ክርክሩ ደረስን። በ1970ዎቹ አጋማሽ ታሙዝ የሚባል ባንድ ተቋቋመ። አምስት ሰዎች ነበሩ፤ ሻሎም ሐኖኽ፣ አሪኤል ዚልበር፣ ጊታር የሚጫወተው የሁዳ ዔደር፣ ቤዝ ጊታር የሚጫወተው ኤታን ጊድሮን፣ ድራም የሚመታው መኢር ይስራኤል። በ1976 አንድ አልበም ብቻ አወጡ። ስሙ «ሶፍ ዖናት ሃታፑዚም» ነው፤ በአማርኛ «የብርቱካን ወቅት ማብቂያ» እንደማለት ነው። ስቱዲዮ ውስጥ ያሠራቸው ሉዊ ላሃቭ ነበር፤ አሜሪካ ሄዶ የብሩስ ስፕሪንግስቲንን የመጀመሪያ አልበሞች በድምፅ መሐንዲስነት ቀርጾ የተመለሰ ሰው ነው። ባንዱ አልበሙ ከወጣ በኋላ ብዙ አልቆየም፤ ተበተነ። አንድ አልበም ብቻ ያወጣ ባንድ ይኸው ከአርባ ዓመት በላይ ሰው ያከራክራል።

የሾፌሩ ሐሳብ እንዲህ ነበር። ታሙዝ የሐኖኽ ባንድ አልነበረም፤ ሁለት አውራ የነበሩት ባንድ ነው። ሐኖኽም ዚልበርም ይደርሳሉ፣ ሁለቱም ይዘፍናሉ። ሐኖኽ ነገሩን ሲያከብድ ዚልበር በቀልድ ያቀልለዋል፤ ዚልበር ሲያላግጥ ሐኖኽ ይሰበስበዋል። «ብቻውን ሲሆን ማን ይመልሰዋል?» ይል ነበር ሾፌሩ።

ወጣቱ ደግሞ ይህን አይቀበልም። አንድ አልበም አውጥቶ የፈረሰ ባንድ ታሪክ እንጂ ሥራ አይባልም ይላል። ሐኖኽ ሰው የሆነው ከባንዱ ሲወጣ ነው፤ በ1977 «አዳም በቶኽ ዓጽሞ»፣ ትርጉሙ «ሰው በራሱ ውስጥ»፣ በ1981 «ሐቱና ለቫና»፣ «ነጭ ሠርግ»፣ በ1985 «መሐኪም ለማሺያሕ»፣ «መሲሑን እየጠበቅን» የሚሉትን አውጥቷል። ከሞሼ ሌቪ ጋር፣ ኪቦርድ ከሚጫወተውና ሙዚቃውን ከሚያቀናብረው ሰው ጋር መሥራቱ ከባንድ የተሻለ ባንድ ሆነለት ይላል።

ሽማግሌውስ? እሱ ምድጃው ላይ ቆሞ «ይህ ሁሉ የኪቡጽ ልጆች ጨዋታ ነው» ይላል። የእሱ ሰው ዞሃር አርጎቭ ነበር፤ ካሴቱ በተል አቪቭ አሮጌ አውቶቡስ ጣቢያ የሚቸበቸበው፣ ሬዲዮ ግን አዘውትሮ የማያሰማው የምሥራቅ አይሁድ ዘፋኝ። ሾፌሩም ወዲያው «የዚልበር እናት ማን እንደሆነች ታውቃለህ? ብራኻ ጽፊራ ናት፣ የየመን ዘር!» ብሎ ይመልስለታል። ይህ እውነት ነው፤ ብራኻ ጽፊራ በ1930ዎቹ የምሥራቅ አይሁድን ዜማ ወደ መድረክ ያወጣች ስመ ጥር ዘፋኝ ነበረች። ሽማግሌው ለጥቂት ጊዜ ዝም ይልና «እንግዲያው ታሙዝ ይሻላል» ይላል። ካሴቱን ግን አንድ ጊዜም እስከ መጨረሻው ሲሰማው አላየሁም።

እናንተም ዛሬ በየሥራችሁ ይህን የመሰለ ታገኛላችሁ፤ ስሙ ብቻ ይለያያል። ሰዎቹ ሲጯጯኹ ጠብ አይምሰላችሁ። እኛ አክብሮት ሲኖረን ድምፃችንን ዝቅ እናደርጋለን፤ እነሱ ሲዋደዱ ከፍ ያደርጋሉ። ጠብ የሆነ እንደሆነ ሲያቆሙ ታውቁታላችሁ፤ ሾፌሩና ወጣቱ ግን ክርክሩ ሳያልቅ ሲጋራ ይለዋወጡ ነበር። ደግሞስ እኛ አንከራከርም? አዲስ አበባ የኖራችሁ፣ መሐሙድ ከአይቤክስ ባንድ ጋር በ1975 የተጫወተው «ኧረ መላ መላ» ይበልጣል ወይስ ባንዱ ሮሃ ከተባለ በኋላ የሠሩት እያላችሁ ሌሊት አላነጋችሁም? እንደ እኔ በገጠር ያደጋችሁም ብትሆኑ፣ ከሠርግ ስትመለሱ የትኛው አዝማሪ እንደበለጠ ሳትጨቃጨቁ መንገዱ አላለቀላችሁም።

አሁን ከበድ ወዳለው ነገር ልምጣ። በ1987 ያንን የ1985 ካሴት ገዝቼ ቤት ወሰድሁ። አባቴ ዛሬ በሕይወት የሉም፤ ያን ጊዜ አልጋቸው ላይ አረፍ ብለው ነበር። ዕብራይስጥ ብዙ ባይችሉም «ማሺያሕ» የሚለውን ቃልና «አይመጣም» የሚለውን ለይተው ሰሙ። ተነሱ፤ ነጠላቸውን አደረጉና ምንም ሳይናገሩ ወጡ። ሦስት ሰዓት ያህል ፈልጌ ከቤቱ በታች ካለው የአትክልት ቦታ ወንበር ላይ አገኘኋቸው። «እናትህን ሱዳን የቀበርናት ለምን ነበር? የሚመጣ የለም ለማለት ነው?» አሉኝ።

መልስ አልነበረኝም። በማግሥቱ ሌሊት ወጣቱን ጠየቅሁት፤ ቃል በቃል አስተረጐመኝ። ያኔ ነው ዘፈኑ የገባኝ። በጥቅምት 1983 የባንኮች አክሲዮን ወደቀ፤ «ከዚህ የሚታመን ነገር የለም» ተብለው ያላቸውን ሁሉ ያስገቡ ብዙ ቤተሰቦች ባዶ እጃቸውን ሊቀሩ ሆነና መንግሥት ባንኮቹን በእጁ አደረገ። በ1984 የዋጋው ንረት በዓመት ከ400 በመቶ በላይ ደረሰ። እኛ በመርከዝ ቅሊጣ ሳለን የተሰጠን ብር በሺህ የሚቆጠር ስለነበር ሀብታም የሆንን መስሎን አልነበር? ዋጋው ግን በየሳምንቱ ይሸሻል። በ1985 አንድ ሺህ የድሮ ሸቀል በአንድ አዲስ ሸቀል ተለወጠ። ዘፈኑ የወጣው በዚያው ዓመት ነው። የሚሳለቀው በእምነት አይደለም፤ ሳይሠራ ሀብት ይዞለት የሚመጣ ሰው በሚጠብቀው ላይ ነው። እኔ እንዲህ ተረድቼዋለሁ። ሌላ ትርጉም የሚሰጡትም አሉ፤ ሾፌሩና ወጣቱ በዚህም አልተስማሙም።

ይህንኑ ለአባቴ አስረዳኋቸው። ብዙ አሰቡና «ታዲያ እነዚህ ሰዎች የጠበቁት ገንዘብን ነው፤ ለምን መሲሕ ብለው ጠሩት?» አሉኝ። ለዚህ ጥያቄያቸው እስከ ዛሬ ጥሩ መልስ አላገኘሁም። ካሴቱን እንዳልጥለው ነገሩኝ፤ ዓርብ ቀን ግን እንዳይከፈት።

ይህን የምነግራችሁ ልጆቻችሁ በክፍላቸው የሚሰሙት ሁሉ ጥሩ ነው ለማለት አይደለም። ጥሩ ያልሆነም አለ። ነገር ግን ከተቆጣችሁ በኋላም ቢሆን ቃሉን አስተርጉሙ። ልጃችሁ ተርጓሚ ሲሆን በዕብራይስጥ እሱ ይበልጣችኋል፤ ጥያቄ በመጠየቅ ደግሞ እናንተ ትበልጡታላችሁ፤ አባቴ እንደበለጡኝ። በሥራ ቦታም ክርክሩ ሲነሳ ሁሉን ማወቅ አይጠበቅባችሁም፤ «ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማኸው የት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ያ ሾፌር ይህን ስጠይቀው ስለ አልበሙ ማውራቱን ትቶ ስለ ወታደርነቱ፣ ከ1973ቱ ጦርነት በኋላ ስላጣቸው ጓደኞቹ ሌሊቱን ሙሉ ነገረኝ። ታሙዝን ለምን እንዲያ እንደሚከላከል የገባኝ ያን ሌሊት ነው።

ስለ ባንዱ ሰዎች ትንሽ ልጨምር። የሁዳ ዔደር በራማት ሃሻሮን ሪሞን የተባለውን የሙዚቃ ትምህርት ቤት ካቋቋሙት አንዱ ሆነ፤ ጊታር የሚማር ልጅ ያላችሁ ስሙን ሳትሰሙ አትቀሩም። ዚልበር የራሱን አልበሞች አወጣ፤ ኋላም ወደ ሃይማኖት ገባ፤ በፖለቲካ አቋሙ የተነሳም ከዘፈኑ ይልቅ እሱ ራሱ የክርክር ርዕስ ሆነ። ሥራውን ከሰውየው ለይቶ መስማት ይቻላል ወይስ አይቻልም የሚለው ደግሞ ራሱን የቻለ ምሽት ይፈልጋል።

እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ለቃሉ «ነጭ ሠርግ»፣ ለጨዋታው ታሙዝ። በዚያ በ1976ቱ አልበም ላይ አምስት ሰዎች እርስ በርሳቸው እየተደማመጡ ሲጫወቱ ይሰማል፤ ከዚያ በኋላ በወጡት ላይ አንድ ሰው ሲናገር ነው የምሰማው። ልጄ ግን በዚህ አይስማማም። እሱ የ1985ቱን ነው የሚለው፤ ባለፈው ቅዳሜ ማታ ሻባት እንደወጣ ጀምረን እስከ እኩለ ሌሊት ተጯጯኽን። ጎረቤታችን፣ ከመጣ ሁለት ወር ያልሞላው ሰው፣ በሩን አንኳኩቶ ሊገላግለን ገባ። አስቀመጥነውና ሻይ ቀዳንለት።