ሁለት ከዘጠኝ

በፈረንጆቹ ሜይ 27 ቀን 2010፣ ሎስ አንጀለስ። የቅርጫት ኳስ ቡድኑ ሌከርስ ከፊኒክስ ሰንስ ጋር በምዕራቡ ምድብ ፍጻሜ አምስተኛውን ጨዋታ ይጫወታል። ሌከርስ በሦስት ነጥብ እየመራ ነው፤ ኳሷም በእጁ ናት። ሰዓቱን መብላት ብቻ ነበር የቀረው። የሌከርሱ ሮን አርቴስት ግን ቸኩሎ ከሩቅ ወረወረ፤ ሳተ። ደጋፊው ራሱን ያዘ። ወዲያው ሪቻርድሰን ለሰንስ ሦስት ነጥብ አገባ፤ 101 እኩል። ሦስት ሰከንድ ተኩል ሲቀር ኮቢ ብራያንት ሞከረ፤ ኳሷ ቅርጫቱ ጋ ሳትደርስ ቀረች። ከአየር ላይ ቀልቦ ያገባት ማን መሰላችሁ? ያው አርቴስት! 103 ለ101።

ታዲያ ክርክሩ ጦፈ። አንዱ «አዳነን» ሲል፣ ሌላው «ገደል የከተተን ማን ሆነና?» ይላል። አርቴስት በዚያ ጨዋታ ዘጠኝ ወርውሮ ሁለት ብቻ ነው ያገባው። እኔም በዚያ ምሽት ከሚያጉረመርሙት ወገን ነበርኩ፤ ያቺ ችኮላ አትረሳም። አሰልጣኙ ፊል ጃክሰን ግን ከሜዳ አላስወጡትም።

ሦስት ሳምንት ቆይቶ፣ ሌከርስ ቦስተን ሴልቲክስን 83 ለ79 ረትቶ ዋንጫ ባነሳበት ጨዋታ፣ አንድ ደቂቃ ገደማ ሲቀር አርቴስት አሁንም ከሩቅ ወረወረ። ገባች።