ስለ ክረምት አገልጋይ ለምእመናን የተነገረ ቃል



ዘመነ ክረምት ሰኔ 26 ቀን ይገባል፤ ትምህርት ቤቶችም በዚያው ሰሞን ይዘጋሉ። ያን ጊዜ ከኮሌጅ ለዕረፍት የመጣ ተማሪ ከእንጦጦ ሥር እስከ የካ ያሉትን ወጣቶች ሰብስቦ በአዲስ መንገድ ላስተምር ቢል፥ «ያላየነውን አመጣብን» የሚሉ አይታጡም።

ነገሩ ግን ለአባቶች እንግዳ አይደለም። በንባብ ቤት ፊደል የለየው ልጅ ላልለየው ያስቆጥራል። ቅኔ ቤትማ ከዚህ ይብሳል፤ የትናንቱን ቅኔ ዛሬ የሚደግም ተቀኘ አይባልምና፥ ተማሪው ዕለት ዕለት አዲስ ያመጣ ዘንድ ግድ ነው። ሆኖም መምህሩ በመጀመሪያው ቀን ባለ 8 ቤት መወድስ አያዙትም፤ ባለ 2 ቤት ጉባኤ ቃና ያስጀምሩታል፤ ቢሳሳትም ያቃኑለታል እንጂ ከጉባኤው አያስወጡትም።

የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲም ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ ተማሪዎቹን ለአንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛቶች ይልክ ነበር፤ የሚበዙት አስተማሪዎች ሆኑ፤ ለማስተማር ሄደው አገራቸውን ተማሩ።

እንግዲህ ለክረምቱ አገልጋይም በመጀመሪያ ጥቂት ይሰጠው። ዝናቡ ሲያባራ ወጣቶቹን ይዞ ወደ ዋሻ ሚካኤል ይውጣ፤ ከአለት የተፈለፈለውን ሕንፃ ያሳያቸው፤ ከካህናትም አንድ አባት አብረው ይሂዱ። ጠይቀውት መመለስ ያቃተውን ሁሉ ጽፎ በማግስቱ ለመምህራን ያቅርብ።