ጢሱን አይቶ ሞቶሩን ማወቅ

(በጨፋ ሮቢት፣ በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በአንድ ተማሪ የተደረገ ንግግር)



ስለ አሮጌ መኪና እናገራለሁ ብል አንዳንዶቻችሁ ፈገግ እንደምትሉ አውቃለሁ። ነገር ግን ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚያልፈው መንገድ ዳር ካደግነው ልጆች መካከል ከአሮጌ መኪና ጋር ያልተዋወቀ ማን አለ? ደግሞም በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ከውጭ ማስመጣትን እጅግ ውድ አደረገው፤ በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠራ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ተከለከለ። ስለዚህ በእጃችን ያለውን ሞቶር ጠብቆ ማኖር ግድ ሆኖብናል።

ባለፈው ዓመት የአባቴ ፒክአፕ ጥቁር ጢስ ታወጣ ጀመር። ጭነት ስትይዝ ትደክማለች፤ ናፍጣ ትጠጣለች። አንድ መካኒክ ኮፈኑን እንኳ ሳይከፍት፣ «ሞቶሩ ይውረድ» አለ። የጠየቀው ዋጋ ሁለት በሬ የሚያሸጥ ነበር። አባቴ በሬዎቹን ለገበያ ሊያወጣ ቆርጦ ሳለ፣ «አባባ፣ አንድ ቀን ብቻ ይታገሡኝ» አልሁት።

በፊዚክስ እንደ ተማርነው የናፍጣ ሞቶር ካንዴላ የለውም፤ አየሩ በሲሊንደር ውስጥ በብርቱ ሲታመቅ ይግላል፣ ናፍጣውም በዚያ ትኩሳት ይነድዳል። አየሩ ካነሰ ወይም ናፍጣው ከበዛ፣ በሚገባ ያልነደደው ጥቀርሻ ሆኖ ይወጣል፤ ጥቁር ጢስ ይህ ነው። ሰማያዊ ሲሆን የሚቃጠለው ዘይት ነው፤ የፒስቶን ፋሻ ወይም የቫልቭ ጎሚኒ ማለቁን ያመለክታል። ነጭ ሆኖ ሞቶሩ ከሞቀ በኋላም ካላቆመ፣ የራዲያተሩም ውሃ ከጎደለ፣ የቴስታውን ጋርኒሲዮን መጠርጠር ነው። (የጋለ ራዲያተር ክዳን ግን ማንም አይክፈት፤ ፊት ያቃጥላል።)

ቦታውም ይታሰብ። ከጨፋ ሜዳ ተነሥቶ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ መኪና ጣርማ በር ሲደርስ ከ3000 ሜትር በላይ ወጥቷል፤ እዚያ አየሩ ስስ ስለ ሆነ ቱርቦ የሌለው ናፍጣ ሞቶር ጥቂት ቢያጠቁር አያስደነግጥም። የእኛዋ ግን እዚሁ ሜዳ ላይ ታጠቁር ነበር።

እኔ በችኮላ የናፍጣ ፖምፓውን ጠረጠርሁ፤ ብሎኑን ልፈታ ካቻቢቴ ሳነሣ አባቴ፣ «የማታውቀውን አትንካ፤ መጀመሪያ የሚታየውን እይ» አለኝ። እውነቱን ነበር። የአየር ማጣሪያውን አውጥቼ ወደ ፀሐይ ባነሣው ብርሃን አያሳልፍም። በመኸር ከአውድማ ወደ አውድማ እየዞርን ማሽላና ጤፍ ስንጭን የገባው አቧራና ገለባ ደፍኖታል። አዲስ ማጣሪያ ገዝተን ገጠምን፤ ሌላ ምንም አልነካንም፤ ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ቢለውጡ የትኛው እንዳዳነ አይታወቅምና። በዚያው ጭነት፣ በዚያው መንገድ ነዳናት፤ ጥቁሩ ጢስ ቀረ።

አሮጌው ማጣሪያ ይኸው በእጄ ነው፤ እየተቀባበላችሁ ወደ መስኮቱ አንሥታችሁ እዩት። በሬዎቹም ዘንድሮ አርሰዋል። ጠዋት ስትነሣ ብቻ ብቅ የምትል ጥቂት ሰማያዊ ጢስ ግን አሁንም አለች፤ ለእርስዋ ከመኸር በኋላ መካኒክ ዘንድ እንሄዳለን፤ የምንጠይቀውን አውቀን።