ቅኔው እምቢ ሲል

ብዕር አንስታችሁ ሐሳብ አልመጣ ብሏችሁ ያውቃል? የቤተ ክርስቲያን የቅኔ ቤት ተማሪ ይህን ፈተና ዕለት ዕለት ይጋፈጠዋል። ትናንት የተባለ ቅኔ ዛሬ አይደገምምና ሁልጊዜ አዲስ መቁጠር፣ ማለትም መድረስ፣ አለበት።

እንዴት ይወጣዋል? አንደኛ፣ ከትንሹ ይጀምራል። ጀማሪ የሚቆጥረው ባለ 2 ቤቱን ጉባኤ ቃና ነው፤ ባለ 8 ቤቱ መወድስ ላይ የሚደርሰው ደረጃ በደረጃ ነው። ሁለተኛ፣ ብቻውን ይሆናል። ከጎጆው ወጥቶ ዛፍ ጥላ ሥር ይቀመጥና ቃሉን ከምስጢሩ ሲያስማማ ይውላል። ሦስተኛ፣ የቆጠረውን ለመምህሩ ይነግራል። መምህሩም ዜማው የተሰበረበትን፣ ምስጢሩ ያልሰመረበትን ነቅሰው ያርሙለታል።

ቅኔው የሚያነሣው ታሪክ ከመጽሐፍ ቅዱስ ወይም ከገድል የተወሰደ፣ ሁሉም የሚያውቀው ሊሆን ይችላል። ተማሪው ሰሙንና ወርቁን፣ ማለትም የላዩንና የውስጡን ትርጉም፣ የሚያጋጥምበት መንገድ ግን የራሱ መሆን አለበት። የሰው ቅኔ የራሱ አስመስሎ ያቀረበ በጉባኤው ፊት ያፍራል። አዲስነት ማለት ከዚህ በፊት ያልተሰማ ታሪክ ማምጣት ብቻ አይደለም፤ የታወቀውን በራስ ዓይን ማየትም ነው።

እናም አድማጮቻችን፣ ጸሐፊም ሁኑ ሠዓሊ ወይም የዜማ ደራሲ፣ ሥራው እምቢ ሲላችሁ መወድሱን ለነገ አቆዩት። ዛሬ ሁለት ስንኝ ሞክሩና ሳትሽኮረመሙ ለሚያርማችሁ ሰው አሳዩ።