ስለ ኦርጋን ሪትሞች አሰያየምና አቀማመጥ
(በሐዋሳ ከተማ በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)




ንግግር እንዳደርግ በተጠየቅሁ ጊዜ ብዙዎቻችሁ ስለ ትራንስፎርመር ወይም ስለ መሬት ሽቦ አንድ ነገር እንደምል ሳትጠብቁ አልቀራችሁም። ከሰኞ እስከ ዓርብ እንጀራዬ እሱ ነውና አልፈርድባችሁም። ዛሬ የማቀርብላችሁ ግን የቅዳሜና የእሑድ ሥራዬን ነው። ከመካከላችሁ በሐዋሳ የዳራችሁ ወይም የተዳራችሁ እንደምታውቁት፥ በድንኳኑ ጥግ ኦርጋን ዘርግቶ የሚቀመጠው ሰው እኔ ነኝ። ርእሴም የኦርጋን ሪትሞች እንዴት መሰየምና መቀመጥ እንደሚገባቸው ነው። ነገሩ አነስተኛ መስሎ ከታያችሁ ጥቂት ታገሡኝ።

ኦርጋን የምንለው መሣሪያ፥ ግራ እጅ ኮርድ ሲይዝ ከበሮውን፥ ቤዙንና ጊታሩን ራሱ እየተጫወተ የሚያጅብ ኪቦርድ ነው። ይህ አጃቢ ክፍል ስታይል ይባላል፤ በተጫዋቾች ዘንድ የተለመደው ስም ግን «ሪትም» ስለሆነ እኔም በዚሁ እጠቀማለሁ። አንድ ሪትም በመሠረቱ የሚዲ ፋይል ነው። በያማሃ አሠራር በስምንት መስመሮች ይከፈላል፤ ሁለቱ የምት፥ አንዱ የቤዝ፥ ሁለቱ የኮርድ፥ አንዱ የፓድ፥ የቀሩት ሁለቱ የአጫጭር የዜማ ሐረጎች ናቸው። መግቢያ፥ ዋና ክፍሎች፥ መሸጋገሪያዎችና መዝጊያም አለው። ከዚህም ጋር አንድ ሠንጠረዥ አብሮት ይጓዛል፤ ተጫዋቹ ኮርድ ሲለውጥ እያንዳንዱ ኖታ ወዴት እንደሚዛወር የሚወስነው እርሱ ነው። ወደዚህ ሠንጠረዥ በኋላ እመለሳለሁ።

መሣሪያው ከፋብሪካ ሲወጣ ዋልሱም ቦሳኖቫውም ተሞልቶበት ይመጣል። ችክችካውን ግን አብዛኛውን ጊዜ የምናገኘው የአገራችን ተጫዋቾች ሌሊት ተቀምጠው ከሠሩትና ከእጅ ወደ እጅ በፍላሽ ከሚዘዋወረው ፋይል ነው። አንድ ሰው ባንድ የመሆኑ ነገር በኛ ዘመን የተጀመረም አይደለም። የዋልያስ ባንዱ ኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ. በ1985 በዋሺንግተን ካሴታቸውን ሲቀርጹ፥ አኮርዲዮኑን፥ ሮድስ ፒያኖውን፥ ሙጉንና የያማሃውን ዲኤክስ 7 ከምት ማሽን ጋር አዋሕደው ለብቻቸው ተጫውተዋል። መሣሪያዎችን እርስ በርስ የሚያነጋግረው ሚዲ ከወጣ ገና ሁለት ዓመቱ ነበር። በዚህ ሁሉ መካከል ድራም መቺው ሥራ ማጣቱን አልክድም፤ ወቀሳው እውነት ነው፥ እኔም ከተጠቃሚዎቹ አንዱ ነኝ።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። ከአራት ዓመት በፊት በከተማችን አንድ አንጋፋ ተጫዋች አረፉ። ስማቸውን አልጠራም፤ ግራ እጄን ያስተማሩኝ እርሳቸው ናቸው። ከተዝካሩ በኋላ ትንሹ ልጃቸው አንድ ፍላሽ ይዞ ቤቴ መጣና፥ «ጋሼ፥ አባዬ የሠሩት ሁሉ እዚህ ውስጥ ነው፤ እኔ ግን ምኑ ምን እንደሆነ አላውቅም» አለኝ። ፍላሹን ስከፍተው 612 ፋይሎች አገኘሁ፤ ሁሉም በአንድ ፎልደር ውስጥ ተከምረዋል። ስማቸውም «አዲስ»፥ «አዲስ 2»፥ «አሪፍ»፥ «የመጨረሻ»፥ «እውነተኛ የመጨረሻ» የሚል ነው። እርሳቸው በስም አይፈልጓቸውም ነበር። የመሣሪያቸው መስኮት በአንድ ገጽ አሥር ፋይሎችን ያሳያል፤ እርሳቸውም የሚፈልጉት በስንተኛው ገጽ በስንተኛው ቁልፍ አጠገብ እንደሚወጣ ጣታቸው ያውቀዋል። ማውጫው ጣታቸው ውስጥ ነበረና አብሯቸው ተቀበረ።

እንደ መሐንዲስ ሥራውን በሥርዓት ጀመርሁ። እያንዳንዱን ፋይል እየሰማሁ በአገር፥ በቅኝትና በፍጥነት ከፈልሁ፤ አዲስ ስምና ቁጥርም ሰጠሁ። የአንድ ዓመት ቅዳሜዎቼን በላብኝ። ሲያልቅ ልጁን ጠርቼ በኩራት አሳየሁት። እርሱ ግን ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች ተመልክቶ፥ «‹ለእቴቴ› የሚለው የታለ?» ሲል ጠየቀኝ። «ወሎ 17» ብዬው ነበር። ለካ አባትየው ያንን ሪትም ጉልበታቸውን ለሚያማቸው ታላቅ እህታቸው ብለው አዝግመው፥ መሸጋገሪያውንም አሳጥረው የሠሩት ኖሯል። እቴቴ በቤተ ዘመድ ሠርግ ሁሉ የሚነሡት በእርሱ ብቻ ነበር። እኔም ቀርፋፋነቱን የአሠራር ጉድለት መስሎኝ ፍጥነቱን ጨምሬ አስተካክዬው ነበር! የፍላሹን ቅጂ ሳልነካ አስቀምጬ ባልነበር ኖሮ ያ ሪትም ጠፍቶ ነበር። ከዚያን ቀን ወዲህ ፋይል ስሰይም አዲሱን ስም ከፊት፥ የሠሪውን ስምና የቀድሞውን መጠሪያ ከኋላ እጽፋለሁ፤ የመጀመሪያውንም ቅጂ ፈጽሞ አልነካም።

የስምን ነገር ካነሣሁ ዘንድ፥ አብዛኞቹ መሣሪያዎቻችን የግእዝን ፊደል በመስኮታቸው ስለማያሳዩ የምንጽፈው በላቲን ነው። ትዝታን አንዱ በ«አይ» ሌላው በ«ኢ» ይጽፈዋል፤ አንዱ ደግሞ አናባቢውን ጭራሽ ይዘለዋል። በዚህ የተነሣ አንድ ዓይነት ሪትም በሦስት ቦታ ተበታትኖ ይገኛል። ስለዚህ አንድ አጻጻፍ መርጦ በወረቀት ላይ አስፍሮ መያዝ ግዴታ ነው። ቁጥሩም 1 ሳይሆን 01 ተብሎ ይጻፍ፤ አለዚያ 10 ከ2 በፊት ይሰለፋል። ፎልደር በፎልደር ውስጥ መደርደርንም አታብዙ። ሙሽሪት በር ላይ ቆማ ሦስት ፎልደር የሚከፍት ተጫዋች ከሩቅ ይታወቃል።

ፍጥነትን በሚመለከት ብዙ ጊዜ የሚያሳስት ነገር አለ። ችክችካ በሁለት መንገድ ሊጻፍ ይችላል፤ በ4/4 ሆኖ እያንዳንዱ ምት ለሦስት ይከፈላል፥ ወይም በ6/8 ይጻፋል። ጆሮ ልዩነቱን አያውቅም። በሚዲ ፋይል ውስጥ ግን ፍጥነት የሚለካው በሩብ ኖታ ነው። እግር በደቂቃ 120 ጊዜ የሚመታበት ጨዋታ በመጀመሪያው አጻጻፍ 120 ይሆናል፤ በሁለተኛው የእግሩ ምት አንድ ሩብ ኖታ ተኩል ስለሆነ 180 ተብሎ ይመዘገባል። እኔም ይህን ባለማስተዋል በፍላሹ ውስጥ የነበሩ መንትያ ሪትሞችን «ፈጣን» እና «መካከለኛ» ብዬ ለያይቻቸው ነበር። በስሙ ላይ መጻፍ የሚገባው እግር የሚመታው ቁጥር ነው።

አሁን ወደ ሠንጠረዡ። የስታይል ፋይል በተለመደው አሠራር የሚቀረጸው በዶ ሜጀር ሰባት ኮርድ ላይ ነው፤ ተጫዋቹ ሌላ ኮርድ ሲይዝም ሠንጠረዡ ኖታዎቹን በምዕራባውያን የኮርድ ሕግ ያዛውራል። አምባሰልን ውሰዱ፤ ዶ፥ ሬ ቤሞል፥ ፋ፥ ሶል፥ ላ ቤሞል ነው። ሦስተኛ ድምፅ ስለሌለው ሜጀርም ሚነርም ልትሉት አትችሉም። መሣሪያው ግን ከሁለት አንዱን ያደርገዋል፤ ቤዙ በድንገት ከቅኝቱ ሲወጣ የሰማችሁ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ይኸው ነው። መድኀኒቱ የኖታ ለውጡን ሠንጠረዥ ማለፍ፥ ይኸውም ሪትሙ የኮርዱን መነሻ ብቻ ተከትሎ እንዲንቀሳቀስና በውስጡ ያለው ርቀት እንዳይነካ ማድረግ ነው። ግራ እጅም መነሻውንና አምስተኛውን ብቻ ይያዝ። እንዲህ የተስተካከለውን ፋይል ካልተስተካከለው የሚለይ ምልክት በስሙ ላይ ከሌለ፥ ልዩነቱን የምታውቁት ሕዝብ ፊት ነው።

ሕዝብ ፊት መሆንስ ደርሶብኛል። ፎልደሮቼን አስተካክዬ በጨረስሁ በሳምንቱ፥ በጥር ወር፥ አቶቴ አካባቢ ሠርግ ነበረኝ። ሙሽሮቹ ሲገቡ ያዘጋጀሁትን የሬጂስትሬሽን ቁልፍ ተጫንሁ። ድምፁ ተለወጠ፤ ሪትሙ ግን ለሽማግሌዎቹ ስጫወት የነበረው ዝግ ያለ ትዝታ ሆኖ ቀረ። ሬጂስትሬሽን ሪትሙን ራሱን አያስቀምጥም፤ የሚይዘው የፋይሉን አድራሻ ነው፤ አድራሻውን ደግሞ እኔው በገዛ እጄ አፍርሼዋለሁ። ሙሽሪትም የለቅሶ በሚመስል ጨዋታ ገባች። እናቷ እስከ ዛሬ በመንገድ ስታገኘኝ ሰላምታዋ ቀዝቀዝ ያለ ነው። እንግዲህ ፋይል የምታዛውሩ ከሆነ ሬጂስትሬሽኑን በዚያው ቀን እንደገና መዝግቡ።

የቀረኝ አንድ ነገር የራሳችን አገር ነው። በፍላሹ ውስጥ «ሲዳማ» የሚል ምልክት ያላቸው አርባ ያህል ፋይሎች አሉ፤ እኔም በአንድ ፎልደር ከተትኋቸው። በፍቼ ጨምበላላ የሚሰማው ቄጣላና የወጣቶቹ ፋሮ ግን አንድ አይደሉም። በዓሉ እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ መዝገብ የሰፈረ ሆኖ ሳለ፥ እዚሁ ሐዋሳ ተቀምጬ ሁለቱን «ሲዳማ 01»፥ «ሲዳማ 02» ማለቴ ያሳፍረኛል። ጨዋታውን ከልጅነታቸው የሚያውቁ ሁለት ባልደረቦቻችን እዚህ አዳራሽ ውስጥ አሉ። ኦርጋኑንና ፍላሹን ይዤ መጥቻለሁ። ከሻይ በኋላ አንድ በአንድ አሰማቸዋለሁ፤ እነርሱ ስሙን ይንገሩኝ፥ እኔ እጽፋለሁ።